ገበያ የሚያውቅ ልጅ «ሾፒንግ» ሲባል ለምን ይደነግጣል?

በመካነ ሰላም የገበያ ቀን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በግ ሲሸጥ ቆሞ ያየ ሰው፣ ይህ ልጅ ቋንቋ ይቸግረዋል ብሎ አይጠረጥርም። ገዢው መጥቶ የበጉን ጀርባ ጨበጥ፣ ላቱን መዘን መዘን አድርጎ «ስንት ነው የምትለው?» ሲለው ልጁ ቶሎ አይመልስም። መጀመሪያ ሰውየውን ያያል። ለበዓል የሚያርድ ነው ወይስ ወደ ደሴ ጭኖ የሚሄድ ነጋዴ? የከተማ ሰው ነው ወይስ እንደሱ የገጠር? ይህን ከመዘነ በኋላ በልቡ ካሰበው በላይ ይጠራል። ገዢው ይስቃል፣ ግማሹን ይሰጣል። «አያ፣ ጨምሩበት እንጂ፣ ይኼ እኮ ሙክት ነው!» ይላል ልጁ። ገዢው ጥሎት ይሄዳል። ልጁ አይጠራውም፤ እንደሚመለስ ያውቃል። ይመለሳልም።

በዚህ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ልጁ ያጋነነበት፣ ያግባባበት፣ ዝም ያለበት፣ የተቆጣ የመሰለበት፣ በመጨረሻም «ይሁንልዎ» ብሎ የመረቀበት ንግግር በማንኛውም አገር የንግድ ትምህርት ቤት ቢቀርብ ሙሉ ማርክ ያስገኛል።

ሰኞ ጠዋት ግን ያው ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ «ሾፒንግ ትወዳለህ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። ይደነግጣል። ጥያቄው ስለሚያውቀው ነገር መሆኑን የነገረው የለም። ከጥያቄው ሥር የተሰጠው ምንባብ አንዲት ልጅ ወደ ሞል ሄዳ፣ ጂንስ ሱሪ «ትራይ ኦን» አድርጋ፣ ሲጠባት መልሳ «ፑት ባክ» አድርጋ፣ ከጓደኞቿ ጋር «ኢት አውት» አድርጋ ወደ ቤቷ ስለመመለሷ ነው። ልጁ ሱሪ የገዛው ከቦንዳ ነው። መለኪያ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም፤ እናቱ በቁመቱ ልክ ዘርግታ አይታው «ያድግበታል» ብላ ነው የከፈለችው። ምግብ ውጭ የሚበላ ሰው ደግሞ በልጁ አእምሮ መንገደኛ ነው፣ ወይ ሚስቱ የሸሸችው ነው፣ ወይ ፖሊስ ነው። ለመዝናናት ተብሎ ውጭ መብላት ሳቅ የሚያመጣ ሐሳብ ነው።

እንዲህ ሆኖ ልጁ ምን ያደርጋል? ይሸመድዳል። በደብተሩ ግራ «ሾፕ አራውንድ» ይላል፣ በቀኝ ትርጉሙ። «ራን አውት ኦፍ»፣ ትርጉሙ። «ሴቭ አፕ»፣ ትርጉሙ። «ሪፕ ኦፍ»፣ ትርጉሙ። አሥር፣ ሃያ፣ ሃምሳ። በአሁኑ ጊዜ ይህን ዓይነት ዝርዝር የሚያቀርቡ የቴሌግራም ቻናሎች ከገበያው በግ ይበዛሉ። «ለሸመታ የሚያስፈልጉ 20 ሐረጎች»፣ «ለመዝናኛ የሚያስፈልጉ 15 ሐረጎች» እያሉ በየማለዳው ይለቃሉ። ተማሪው ሴቭ ያደርጋል፣ ለጓደኛው ፎርዋርድ ያደርጋል፣ ይረሳል። የሚረሳው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቃሉ የሚያርፍበት ነገር ስላልተሰጠው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እነዚህ ግሥ ከነቅጥያው የሆኑ ሐረጎች፣ እንግሊዞቹ «ፍሬዛል ቨርብ» የሚሏቸው፣ የሚከብዱት ለቦረና ልጅ ብቻ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ያሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ለውጭ ሰው ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ግሥ ላይ ትንሽ ቃል እየለጠፉ ትርጉም የመለወጥ ጠባይ መሆኑን ጽፎ ነበር። ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በፊት ማለት ነው። እንግዲህ ጀርመኑም ቻይናውም የሚንገዳገድበት ቦታ ላይ የመካነ ሰላም ልጅ ቢንገዳገድ ሊያፍርበት አይገባም።

የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ይህን ለመረዳት ከአማርኛ ተናጋሪ የተሻለ ዕድል ያለው ሰው ጥቂት ነው። አማርኛ ራሱ በዚህ ዓይነት ግሥ የተሞላ ቋንቋ ነውና። «ብድግ አለ» ሲባል «ብድግ» ብቻውን ምንድን ነው? ምንም። «አለ» ደግሞ መናገር ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውየው ተነሣ። «ቁጭ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ጎራ አለ»፣ «ፈቀቅ አለ»፣ «ዞር አለ»፣ «ጣል አደረገ»፣ «ጠጋ አደረገ»። አዲስ አበባ መጥቶ አማርኛ የሚማር ፈረንጅ በዚህ ነገር ፀጉሩን ይነጫል። «ቁጭ በል» ሲሉት «ቁጭ» የሚለውን ቃል እንዲናገር ያዘዙት የሚመስለው አይጠፋም። የመካነ ሰላሙ ተማሪ በእንግሊዝኛ ላይ የሚደርስበትን፣ ፈረንጁ በአማርኛ ላይ እየተቀበለው ነው።

ይህ ዝምድና በክፍል ውስጥ ቢነገር ምን ይሆን ነበር? «ድሮፕ ኢን» ማለት «ጎራ ማለት» ነው፤ አለቀ። «ሉክ አራውንድ» ማለት ገበያተኛ ሳይገዛ «ዞር ዞር ብሎ ማየት» ነው። «ሾፕ አራውንድ» ደግሞ ያው ዞር ዞር ማለት ሆኖ ዋጋ እያወዳደሩ ሲሆን ነው። ከሁሉ የሚያስቀው «ሪፕ ኦፍ» ነው። ዋጋ ሲቆልሉበት የእንግሊዙ ሸማች እንደ ጨርቅ ቀደዱኝ፣ ነጠቁኝ ይላል፤ የወሎው ሸማች «ገፈፈኝ» ይላል፣ ቆዳ እንደሚገፈፍ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ ቁጣ ነው ያላቸው። ይህን የሰማ ተማሪ ቃሉን እስኪሞት አይረሳውም።

«ራን አውት ኦፍ» የሚለውን እንይ ቢባል ደግሞ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይበልጣል። «ስኳር አለቀ» እና «ስኳር አለቀብኝ» አንድ አይደሉም። ያች «ብኝ» የምትባል ጅራት ጉዳቱ የማን እንደሆነ ትናገራለች። ባለሱቁ «ስኳሩ አለቀልኝ» ካለ ግን ተሸጦለት ደስ ብሎታል ማለት ነው። «ተሸጠልኝ» እና «ተሸጠብኝ»፣ «ፈረደልኝ» እና «ፈረደብኝ»። እንግሊዝኛ ይህን ለመናገር ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ቃል ያስፈልገዋል። በገዛ ቋንቋው ይህን ያህል ረቂቅ ነገር በየቀኑ የሚሠራ ልጅ በ«አፕ» እና በ«ኦፍ» ልዩነት ደንቆሮ ነኝ ብሎ እንዲያምን መደረጉ ነው የሚያስቆጨው።

ይህን የሚያነብ መምህር «ጊዜው የት አለ? ክፍሉ ሞልቶ ተርፏል፣ መጽሐፉም ማለቅ አለበት» ይላል። እውነቱን ነው። መምህሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። እሱ ራሱ በዚያው መንገድ ተምሮ የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ለኢትዮጵያ ተማሪ ሁልጊዜ ከሩቅ የሚላክ ዕቃ ሆኖ ነው የኖረው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ ሲሆን መጽሐፉም መምህሩም ከውጭ ነበር የሚመጣው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ደሴን ጨምሮ በየክፍለ ሀገሩ ከተሞች አስተማሩ፤ እነዚያ ቢያንስ በአካል ነበሩ፣ ተማሪው ጥያቄ ሊጠይቃቸው ይችል ነበር፣ ሻይ ቤት ተቀምጠው «ሀንግ አውት» ሲያደርጉም ይታዩ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ በቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። የፕላዝማ መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ «ቬሪ ጉድ!» ይላል፤ ማንም ሳይመልስለት። ያ ትውልድ ዛሬ መምህር ሆኗል።

በፖሊሲው መሠረት፣ በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል አንሥቶ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆናል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም እንደዚያው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4። ይህ ሁሉ ውድቀት በቋንቋ ብቻ የመጣ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። የፊዚክስ ጥያቄ ያልተማረ ልጅ በአማርኛም ቢጠየቅ አይመልሰውም። ነገር ግን ጥያቄውን ሳይረዳ የወደቀ ልጅና መልሱን ሳያውቅ የወደቀ ልጅ በውጤት መግለጫው ላይ አንድ ቁጥር ናቸው። ማን የትኛው እንደሆነ የሚለይ የለም። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ስንቱ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ ስንቱ ልጅ ዓመት እንደባከነበት አንባቢ ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ክፍል ውስጥ የተገኘች እያንዳንዷ ሰዓት ውድ ናት። ያች ሰዓት ልጁ አይቶት በማያውቀው ሞል ውስጥ ስትባክን ማየት ያሳዝናል።

«ታዲያ ሞል አይማር ነው? እስከ መቼ በግ እየነዳ ይኖራል?» የሚል ይመጣል። ይህ ክርክር ሁልጊዜ ይመጣል፤ ቀላል ክርክርም አይደለም። ልጁ ነገ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ኤድና ሞል ይገባል፣ ዕድል ከቀናው ሚኒሶታ ይሄዳል። (በነገራችን ላይ የመጀመሪያው ጣሪያ የለበሰ ዘመናዊ ሞል የተከፈተው እዚያው ሚኒሶታ ነው፣ ኤዳይና በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1956። ዛሬ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች በብዛት ከሚኖሩባቸው ግዛቶች አንዱ መሆኑ የዕድል ነገር ነው።) ስለዚህ የሞሉን ቃል ማወቁ ይጠቅመዋል። ጥያቄው ግን ከየት ይነሣ ነው። ዋና የሚማር ሰው መጀመሪያ ከሚያውቀው ወንዝ ዳር ይገባል እንጂ ከባሕር መካከል አይወረወርም። «ትራይ ኦን»ን ጫማ ከሚለካበት የገበያ ጫፍ ላይ የተማረ ልጅ ሞል ሲገባ ቃሉን ይዞት ይገባል።

ደግሞስ «ሾፒንግ» ራሱ ለእንግሊዞቹ ስንት ዘመኑ ነው? መግዛት ያለ ነገር ነው፤ ለመዝናናት ብሎ ሱቅ መዞር ግን የቅርብ ፈጠራ ነው። ሰልፍሪጅ የሚባል አሜሪካዊ ለንደን ውስጥ ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ ትልቁን መደብሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ሰው ባይገዛም ይግባ፣ ዕቃውን ይንካ፣ ሻይ ይጠጣ፣ ይደሰት የሚል ሰው ነበር። በዚያ ዘመን ለንደን ይህ አዲስ ነገር ሆኖ ተወራለት። የቦረና ገበያተኛ ቢሰማው ኖሮ «ይኼ ምኑ ነው አዲሱ?» ይል ነበር።

ምክንያቱም በደጋው ወሎ ገበያ መቼም ቢሆን የዕቃ መሸጫ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ምንም የማይሸጥ፣ ምንም የማይገዛ ሰው ገበያ ይወጣል። ከዓባይ ሸለቆ በኩል ከቆላው የወጣው ከደጋው ከወረደው ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። የሞተ፣ የታመመ፣ የታረቀ፣ ያገባ ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። ልጃገረዷ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ጎረምሳው ዱላውን ተቀብቶ የሚመጣው ለጨው ብቻ አይደለም። ሽማግሌዎች ባለጉዳይ የሚያገናኙት፣ ዕዳ የሚጠየቀው፣ ሰላምታ የሚላከው ገበያ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው መጽሐፍ «ሸመታ» የሚል አንድ ምዕራፍ፣ «መዝናኛ» የሚል ሌላ ምዕራፍ አለው። መካነ ሰላም ላይ ሁለቱ አንድ ምዕራፍ ናቸው፤ ለያይቶ መማሩ ነው እንግዳ የሚሆነው።

ስለ መዝናኛ ከተነሣ አይቀር፣ ከሁሉ የባሰው «በትርፍ ጊዜህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ መልሶታል፤ መልሱም ከሞላ ጎደል አንድ ነው። መጽሐፍ ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየት፣ እግር ኳስ መጫወት። ቤቱ ውስጥ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ የሌለው ልጅ «ሆቢዬ ማንበብ ነው» ብሎ ይጽፋል። መብራት በሌለበት ቀበሌ የሚኖር ልጅ «ቴሌቪዥን አያለሁ» ይላል። መምህሩ ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ ሰዋስው ትክክል ከሆነ ግን ራይት ያደርግለታል። ልጁ የሚማረው እንግሊዝኛ ማለት ያልሆነውን መናገር መሆኑን ነው። ከዚህ የከፋ የቋንቋ ትምህርት ማሰብ ያስቸግራል።

እውነተኛ መልሱ ምን ነበር? ከብት ሲጠብቅ ዋሽንት ይነፋል። ድንጋይ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ ቆፍሮ ገበጣ ይጫወታል። የገና ሰሞን ሜዳ ላይ ሩር ይለጋል። በቡሄ ሆያ ሆዬ ይጨፍራል። ሙስሊሙ ጎረቤት ቤት መንዙማ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። እናቱ «ቡና ጠጡ በሏቸው» ስትለው ጎረቤት ለጎረቤት ይሮጣል፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ ጥግ ይዞ የትልልቆች ጨዋታ ይሰማል። ከተማ ገባ ሲል ከረምቦላ ቤት ይቆማል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ አርሴናልና ማንቸስተር ሲጋጠሙ ይጮኻል። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይነገራል። አንድም ቀን ግን ተናገረው አልተባለም።

ደግሞ «ትርፍ ጊዜ» የሚለው ትርጉም ራሱ ትንሽ ያስቃል። «ትርፍ» በገበያ ቋንቋ ከዋናው ላይ የተገኘ ጥቅም ነው። ገበሬው ጊዜውን እንዲህ ከፍሎ አያውቅም። የማይታረስባቸው ቀኖች አሉት፤ ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29፤ ለሙስሊሙ ጁምዓው አለ። እነዚህ ቀኖች ትርፍ አይደሉም፣ የታዘዙ ናቸው። በነሱም ላይ ሰው ብቻውን «ሆቢ» አይሠራም። ማኅበር ይጠጣል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል። ብቻውን ጥግ ይዞ ደስ የሚለውን ነገር የሚያደርግ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ያለ ሥራ ለተቀመጠው ደግሞ አማርኛ የሰጠው ስም «ሥራ ፈት» ነው፤ ስድብ ነው። እንግሊዝኛው «ሌዠር» ብሎ የሚያከብረውን አማርኛው በስድብ ሲጠራው ተማሪው መካከል ላይ ቆሞ ግራ ይጋባል። ይህን ልዩነት መወያየት ብቻውን የአንድ ሳምንት የእንግሊዝኛ ትምህርት ይወጣዋል፤ ክፍሉም ይሞቃል።

ቃል በራሱ እግር አይመጣም፤ ነጋዴና ወታደር ይዞት ይመጣል። አማርኛ ይህን ያውቃል። «ሱቅ» ከዓረብ ነጋዴ ጋር መጣ። «መርካቶ»፣ «ከረምቦላ»፣ «ማኪያቶ» ከጣሊያን ጋር መጡ። «ቡቲክ» ከፈረንሳይኛ ነው። ያገለገለ ልብስ «ሳልባጅ» የተባለው ከእንግሊዝኛ ነው፤ ከዚህ ቃል በላይ የተዋሐደ ቃል የለም፣ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅም የለም። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር የተደረደሩት ትንንሽ የኮንቴነር ሱቆች ደግሞ በከንቲባው ስም «አርከበ ሱቅ» ተብለው ቀሩ። ሕዝብ ዕቃውን ከነካ ስሙን ያገኝለታል።

ዛሬም እየሆነ ያለው ይኸው ነው። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወዲህ ገበያ ውስጥ ገብቷል። በየትንንሹ ከተማ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ወድቆ የወጣ ባለሱቅ «ካሽ አውት ልታደርጊ ነው?» ብሎ ደንበኛዋን ይጠይቃል፤ እሷም «አዎ» ትላለች። ሁለቱም ፍሬዛል ቨርብ ተጠቀሙ። ማንም አልሸመደደም። «ሎግ ኢን»፣ «ቶፕ አፕ»፣ «ቴክ አዌይ» እንዲሁ ገብተዋል። «ፒክ አፕ»ማ ከሁሉ ቀድሞ መኪና ሆኖ መጥቷል፤ ተማሪው በምንባብ ውስጥ አንዲት ሴት ልጇን ከትምህርት ቤት «ፒክ አፕ» አደረገች የሚል ሲያነብ ቶዮታ ቢመጣበት አይፈረድበትም።

በዚህ ጉዳይ የሚረሱ ሌሎች ተማሪዎች አሉ። ከደቡብ ወሎ ወደ ሳዑዲ፣ ወደ ቤሩት፣ ወደ ዱባይ የሚሄዱት ሴቶች። ብዙዎቹ ስምንተኛ ክፍልን እንኳ ሳይጨርሱ የሄዱ ናቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን የሰው ቤት ዓረብኛ አፋቸውን ይፈታል፤ ዱባይና ቤሩት ያሉት ላይ እንግሊዝኛም ይጨመርበታል። ሱፐርማርኬት ይላካሉ፣ የተበላሸ ዕቃ ይመልሳሉ፣ ሒሳብ ያስተካክላሉ፣ ከመዳም ጋር ይከራከራሉ። አስተማሪያቸው ችግር ነበር፤ ክፍያውም ከባድ ነበር። ይህን ማሞገስ አይገባም። ግን አንድ ነገር ያሳያል። ቃሉ ከእጅ ሥራው ጋር አብሮ ሲመጣ፣ ዕቃው ከፊት ሲኖር፣ ለመናገርም ምክንያት ሲኖር፣ «የገጠር ልጅ እንግሊዝኛ አይገባትም» የሚባለው ነገር ወዴት እንደሚሄድ። ከስደት ተመልሳ መካነ ሰላም ላይ ሱቅ የከፈተች ሴት፣ ከጎረቤቷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ይልቅ ስለ ዕቃ መመለስና መለወጥ በባዕድ ቋንቋ መናገር ብትችል የሚገርም አይደለም። የሚገርመው እሷን አንድ ቀን ክፍል ጠርቶ «እስቲ ንገሪያቸው» ያላት ትምህርት ቤት አለመኖሩ ነው።

ከተማዋ ውስጥ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለ። ከየክልሉ የመጡ ተማሪዎች የኖሩበት ነው። አማርኛ የማይናገር ተማሪና የጉልት ሻጯ እናት በምን ተግባቡ? በጣት፣ በፈገግታ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛና በተሰባበረ አማርኛ። «ዊስ?»፣ «ሃው መች?»፣ «አንድ መደብ»፣ «ጨምሪልኝ»። እናቲቱ ምራቂ ስትጥልለት ልጁ ቃሉን ባያውቀውም ነገሩ ገባው። በመጽሐፉ ውስጥ ለ«ምራቂ» አቻ የሚሆን ምዕራፍ የለም። ሱፐርማርኬት ውስጥ የሚመርቅ ካሸር የለምና። «ዋጋው አስተያየት አለው?» የሚለውም ቃል በቃል ቢተረጎም እንግሊዙን ያስቀዋል፤ ነገር ግን የእንግሊዙ ነጋዴም «ናክ ዳውን» ሲል ዋጋውን በቡጢ ስለመታው አይደለም።

አንድ የእንግሊዝኛ መምህር በገበያ ቀን ማግስት ሰሌዳው ላይ «ትናንት ገበያ ምን ተሸጠ?» ብሎ ቢጀምር ምንም በጀት አያስፈልገውም፤ የወረዳ ፈቃድም አይጠይቅም። የበጉ ልጅ እጁን ያወጣል። «ሴል» ይላል። መምህሩ ሁለቱንም ሸጥካቸው ወይ ይለዋል፤ «ሶልድ አውት» የምትለዋ በዚያ ትገባለች። ገዢው ስንት ጠየቀ፣ አንተ ስንት ቀነስክ፣ ገንዘቡን ምን አደረግከው፣ ጫማ ለካህ ወይ፣ ጠበበህ ወይ፣ መለስከው ወይ፣ የቀረውን አጠራቀምክ ወይስ ዕቁብ ጣልክበት? ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ «ገፈፉህ!» ብላ ትስቅበታለች፤ መምህሩ እሷንም በእንግሊዝኛ ድገሚው ይላታል። ልጁ ይቆጣል፣ አልተገፈፍኩም ብሎ ለመከራከር ይነሣል፣ ቃል ያጥረዋል፣ ይፈልጋል፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ አድርጎ የበጉን ዋጋ፣ የገዢውን ጫማ፣ ጥሎት ሄዶ መመለሱን ሁሉ ይናገራል። ደወሉ ሲደወል ገና አልጨረሰም።